የመድኃኒት ዕፅዋት ዘይቶችና የስኳር በሽታ፦ ስለ ምርመራቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይህ ዘይት ስኳር ያወርዳል» ሲባል ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «የት ላይ አወረደ?» የሚለው ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ በአይጥ ደም ውስጥ ወይስ በሰው ላይ? ብዙ ዘይቶች የመጀመሪያውን ፈተና አልፈው ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ፤ ዝናቸው ግን ሦስተኛውን እንዳለፉ ሆኖ ይናኛል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2024 ከ20 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን ያህሉ ከስኳር በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ለዚህ ሁሉ ሰው አዲስ መድኃኒት ከዕፅዋት መፈለጉ ተገቢና የሚደገፍ ሥራ ነው። ሕመምተኛው ግን ያልተጨረሰ ምርምር መሞከሪያ እንዳይሆን፣ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድና ውጤቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕፅዋት ዘይት ሲባል የትኛው ዘይት ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከፍሬ ተጨምቆ የሚወጣው ቅባት ነው። የተልባ፣ የሰሊጥና የጥቁር አዝሙድ ዘይት እዚህ ይመደባሉ። አብዛኛው ይዘታቸው ፋቲ አሲድ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢንጠባጠቡ የማይጠፋ የቅባት ምልክት ይተዋሉ።

ሁለተኛው ተናኝ ዘይት ነው። ቅጠል፣ አበባ ወይም ቅርፊት በውኃ እንፋሎት ሲነጠር ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይም እንደ ቅርንፉድ ዘይት ከሥር ይዘቅጣል። ሽታው የበረታ ነው። በውስጡ ያሉት ሞለኪዩሎች ትናንሽና በቀላሉ የሚተኑ ናቸው፦ በጦስኝ ቲሞል፣ በቅርንፉድ ዩጂኖል፣ በቀረፋ ቅርፊት ሲናማልዴሃይድ፣ በጠጅ ሣር ሲትራል። ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተንኖ ይጠፋል።

ልዩነቱ ከስያሜ ያለፈ ነው። ተጨምቆ የወጣን ዘይት ሰው በማንኪያ ሊወስደው ይችል ይሆናል፤ ያንኑ መጠን ተናኝ ዘይት መውሰድ ግን ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥናት «ዘይት» ብሎ ብቻ ካለፈና የትኛው እንደሆነ ካልገለጸ፣ ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ በጥርጣሬ ማንበብ ይሻላል።

ጥቁር አዝሙድ በሁለቱ መካከል የቆመ ልዩ ጉዳይ ነው። ተጨምቆ በሚወጣው ቅባቱ ውስጥ ጥቂት ተናኝ ዘይትም ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ቲሞኪኖን የተባለው ብዙ የተጠናው ንጥረ ነገር የሚገኘውም በዚሁ ክፍል ነው። መጠኑ እንደ ፍሬው፣ እንደ አጨማመቁና እንደ አቀማመጡ ስለሚለያይ፣ አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸው ሁለት ጠርሙሶች እኩል ይሠራሉ ማለት አይቻልም።

ተክሉ ስኳር ያወርዳል ከተባለ ዘይቱም ያወርዳል ማለት አይደለም?

አይደለም። በዚህ ርዕስ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች በጣም የተለመደው ይህ ነው።

አብሽን እንመልከት። የአብሽ ፍሬ በደም ስኳር ላይ ለሚያሳየው ተጽዕኖ በዋናነት የሚጠቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ጋላክቶማናን የተባለው አሰር ነው፤ በአንጀት ውስጥ ዝልግልግ ሆኖ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። ሌላው 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲሆን ኢንሱሊን እንዲመነጭ እንደሚያግዝ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አሰሩ ዘይት ሲወጣ ከገለባው ጋር ይቀራል፤ አሚኖ አሲዱም በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። እንግዲህ ስለ አብሽ ዱቄት የተገኘውን ውጤት ወስዶ ለአብሽ ዘይት ማስታወቂያ ማድረግ፣ ሠራተኛውን አስቀርቶ ደመወዙን ለሌላ እንደመክፈል ነው።

በሻይ መልክ ሲፈሉ ስኳር ያወርዳሉ የሚባሉ ብዙ ቅጠሎችም በዚሁ መንገድ መታየት አለባቸው። በፈላው ውኃ ውስጥ የሚገኙት ፍላቮኖይዶችና ታኒኖች በእንፋሎት አይተኑም፤ ስለዚህ ተነጥሮ በተገኘው ዘይት ውስጥ የሉም። ዘይቱ የራሱ ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ያ ጠባይ ግን ለብቻው መፈተን አለበት።

ከዕፅዋት ተነሥቶ እውነተኛ የስኳር መድኃኒት የሆነ ነገር አለ?

አለ፤ ከሁሉም በላይ በሰፊው የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ራሱ የዘር ሐረጉ ወደ አንድ ተክል ይሄዳል። ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የተባለው የአተር ወገን ተክል በአውሮፓ ለረጅም ዘመን በባህላዊ ሕክምና ያገለግል ነበር። በውስጡ ጋሌጂን የተባለ የጓኒዲን ውሁድ ተገኘ። ስኳር ማውረዱ እውነት ነበር፤ መርዛማነቱም እንዲሁ። ተክሉን በብዛት የበሉ በጎች ይሞታሉ። በ1920ዎቹ ጋሌጂን በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ብዙም ሳይቆይ ተተወ።

ኬሚስቶች ግን የሞለኪዩሉን ቅርጽ ይዘው ዘመዶቹን መሥራት ቀጠሉ። ኤሚል ቨርነርና ጄምስ ቤል ሜትፎርሚንን በ1922 ሠሩት። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በስኳር ሕመምተኞች ላይ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው በ1957 ነው፤ አሜሪካ የፈቀደችው ደግሞ በ1994። ከሞለኪዩሉ መሠራት እስከዚህ ፈቃድ ድረስ 72 ዓመት ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የፖም ዛፍ ነው። በ1835 ኬሚስቶች ከዛፉ ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ነገር ለዩ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ይህ ንጥረ ነገር ስኳር በሽንት እንዲወጣ እንደሚያደርግ አሳየ። እንደዚያው በአፍ ተወስዶ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም፤ አንጀት ውስጥ ይፈራርሳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ዛሬ ዳፓግሊፍሎዚንና ካናግሊፍሎዚን የሚባሉት፣ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለሕክምና የተፈቀዱት መድኃኒቶች የእርሱ የተሻሻሉ ልጆች ናቸው።

ሁለቱም ታሪኮች ተስፋ ይሰጣሉ፤ እኔም ዕፅዋትን የሚመረምሩ ሰዎችን የማከብረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ውስጥ ሕመምተኛውን የጠቀመው ተክሉ እንደ ወረደ አልነበረም። በተክሉ ውስጥ ያለው ጥሩ ነገር ተለይቶ፣ መጥፎው ተቀንሶ፣ መጠኑ ተለክቶ ነው።

የአንድ ዘይት ምርመራ ከምን ይጀምራል?

ተክሉን ከማወቅ። የሚገርም ቢመስልም፣ ብዙ ጥናቶች ዋጋ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። የአገሬው ስም አይበቃም፤ አንድ ስም በሁለት ቦታ ሁለት ተክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዕፅዋት ባለሙያ ስሙን አረጋግጦ፣ የደረቀ ናሙናው ቁጥር ተሰጥቶት በዕፅዋት ቤተ መዘክር ይቀመጣል። ሌላ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላ ውጤቱን መድገም ቢፈልግ ወደዚያ ናሙና ይመለሳል።

ቀጥሎ ዘይቱ ይነጠራል፤ በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያ ውስጥ ምን ምን በስንት በመቶ እንዳለ ይለካል። ይህ መለኪያ የሌለው ጥናት ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ጥናት ነው። ጦስኝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ አንድ ዝርያ ሆኖ ሳለ የአንዱ ቦታ ዘይት በቲሞል፣ የሌላው በካርቫክሮል፣ የሌላው ደግሞ በሊናሎል የበለጸገ ይሆናል። የመከር ወቅቱ፣ የማድረቂያው መንገድና የማንጠሪያው ጊዜም ይዘቱን ይለውጣሉ። ዘይቱ በብርሃንና በአየር ከቆየ ደግሞ በኦክስጅን ይበላሻል፤ ተመራማሪው በመጀመሪያው ወር የፈተነውና በስድስተኛው ወር የፈተነው አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

በመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚደረገው ፈተና ምንድን ነው?

በብዛት የሚሠራው የኢንዛይም ፈተና ነው። የምንበላው ስታርች ወደ ደም የሚገባው ተቆራርጦ ግሉኮስ ከሆነ በኋላ ነው። አልፋ አሚሌዝ ስታርቹን ይቆርጣል፤ አልፋ ግሉኮሲዴዝ የቀሩትን ቁርጥራጮች ግሉኮስ ያደርጋል። እነዚህን ማዘግየት ከተቻለ ከምግብ በኋላ የሚንረው ስኳር ይለዝባል። አካርቦዝ የተባለው ከባክቴሪያ የተገኘ መድኃኒት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ተመራማሪው ኢንዛይሙን፣ ኢንዛይሙ የሚቆርጠውን ነገርና ዘይቱን በየመጠኑ ያገናኛል። ለአልፋ ግሉኮሲዴዝ ሲቆረጥ ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ውሁድ ይጠቀማሉ፤ የቢጫው ድምቀት በ405 ናኖሜትር ብርሃን ይለካል። ቢጫው ከደበዘዘ ኢንዛይሙ ታግቷል ማለት ነው። የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ የሚቀንሰው የዘይት መጠን ተሰልቶ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ብርቱ ነው ይባላል።

ፈተናው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ብዙ ዘይቶችን በአጭር ጊዜ ለማጣራት ይጠቅማል። ዘይት ላይ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ዘይት ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ኢንዛይሙ ያለው ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ወይም ትዊን 80 በተባለ ማዋሐጃ ይበጠበጣል። ማዋሐጃው ብቻውን ኢንዛይሙን ሊነካው ስለሚችል፣ ዘይት የሌለበት ማዋሐጃ ብቻ የያዘ ንጽጽር የግድ ነው። በደንብ ያልተበተነ ዘይት ደግሞ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ኢንዛይሙን በላዩ ላይ ይሰበስባል፤ ያኔ የሚታየው እገታ ከዘይቱ ኬሚካል ሳይሆን ከጠብታው የመጣ ነው። በዚያ ላይ ተናኝ ዘይት ስሙ እንደሚለው ይተናል፤ ናሙናዎቹ ከሚቀመጡባቸው የሳህን ጉድጓዶች ከአንዱ ተንኖ ጎረቤቱ ያለውን ናሙና ሊበክል ይችላል። ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ እነዚህን ሁሉ ይከላከላል፤ በጽሑፉም እንዴት እንደተከላከለ ይገልጻል።

«ከአካርቦዝ የበረታ» የሚል ውጤት አንብቤአለሁ። ይህ ትልቅ ግኝት አይደለም?

ከመደሰትዎ በፊት ኢንዛይሙ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። በብዙ ጥናቶች ላይ የሚያገለግለው አልፋ ግሉኮሲዴዝ ከእርሾ የተወሰደ ነው፤ በቀላሉ ይገኛልና። አካርቦዝ ደግሞ የእርሾውን ኢንዛይም የሚያግተው በጣም በደካማው ነው። የእርሱ ጉልበት በአጥቢ እንስሳት አንጀት ውስጥ ባሉት ኢንዛይሞች ላይ ነው። እንግዲህ የእርሾ ኢንዛይም ላይ አካርቦዝን መብለጥ ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ የዕፅዋት ውሁዶች ይህን ካደረጉ በኋላ በአይጥ አንጀት ኢንዛይም ሲፈተኑ ምንም ሳያሳዩ ቀርተዋል።

ይህን የማነሣው የተመራማሪዎቹን ድካም ለማቃለል አይደለም። ጥሩ ተመራማሪ የእርሾውን ፈተና እንደ ማጣሪያ ተጠቅሞ፣ ያለፉትን በአንጀት ኢንዛይም ደግሞ ይፈትናል። «ከታወቀው መድኃኒት በለጠ» የሚለው አርዕስት ግን ይህ ሁለተኛ ደረጃ ሳይደረስ ሲወጣ አንባቢውን ያሳስታል፤ የሚሳሳተው ሰው ደግሞ ሕመምተኛ ነው።

አይጦች ላይ የሚደረገውስ?

አይጡ መጀመሪያ የስኳር ሕመምተኛ እንዲሆን ይደረጋል። የተለመዱት ኬሚካሎች አሎክሳንና ስትሬፕቶዞቶሲን ናቸው። ስትሬፕቶዞቶሲን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ ግሉት 2 በተባለው ስኳር አስተላላፊ ፕሮቲን በኩል ወደ ቆሽት ቤታ ሴሎች ገብቶ ይገድላቸዋል፤ ኢንሱሊን የሚያመነጩት እነዚህ ሴሎች ናቸው። ከዚያ እንስሳቱ በቡድን ይከፈላሉ፦ ጤነኞች፣ ያልታከሙ ሕመምተኞች፣ ዘይቱን ለማሟሟት የሚያገለግለውን ፈሳሽ ያለ ዘይቱ ብቻውን የወሰዱ፣ እንደ ግሊቤንክላማይድ ወይም ሜትፎርሚን ያለ የታወቀ መድኃኒት የወሰዱ፣ ዘይቱን በተለያየ መጠን የወሰዱ። ለሳምንታት ስኳራቸው፣ ክብደታቸው፣ የደም ቅባታቸውና የጉበት ኢንዛይማቸው ይለካል፤ በመጨረሻም ቆሽታቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ውጤቱን ሲያነቡ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ዘይቱ የተሰጠው ከኬሚካሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከበፊት ከተሰጠ፣ የታየው ነገር ዘይቱ ቤታ ሴልን ከዚያ መርዝ እንደጠበቀ ነው። ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ከታመመ በኋላ ነው፤ ያመመውም ያ መርዝ አይደለም። ብዙ ዘይቶች ኦክስጅን ወለድ ጉዳትን ስለሚከላከሉ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋሉ።

ሁለተኛ፣ እንስሳቱ ምን ያህል በሉ? ሽታው የበረታ ዘይት በአፉ የተሰጠው አይጥ የምግብ ፍላጎቱ ሊቀንስ ይችላል። ያልበላ አይጥ ስኳሩ ይወርዳል። የምግብ መጠን ያልተመዘገበበት ጥናት ይህን ከመድኃኒቱ ሥራ መለየት አይችልም።

ሦስተኛ፣ የትኛውን የበሽታ ዓይነት ይመስላል? በከፍተኛ መጠን የተሰጠ ስትሬፕቶዞቶሲን የሚያመጣው ከዓይነት 1፣ ማለትም ቤታ ሴሎች ወድመው ኢንሱሊን ከሚጠፋበት የስኳር በሽታ፣ ጋር የሚቀራረብ ሁኔታ ነው። በዓለም ላይ በእጅጉ የሚበዛው ግን ዓይነት 2፣ ማለትም ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የማይጠቀምበት ዓይነት፣ ነው። ለዚህ የተሻለው መንገድ እንስሳውን ቅባት የበዛበት ምግብ ለሳምንታት አብልቶ፣ ከዚያ በዝቅተኛ መጠን ኬሚካሉን መስጠት ወይም በተፈጥሮ የስኳር ሕመም ያለባቸውን የአይጥ ዝርያዎች መጠቀም ነው። ሥራው ረጅምና ውድ ስለሆነ ብዙዎች ይሸሹታል። በአሎክሳን ከታመሙ አይጦች መካከል ደግሞ አንዳንዶቹ ያለ ምንም መድኃኒት በራሳቸው ያገግማሉ፤ ያልታከመ ቡድን የሌለው ጥናት ይህን ማገገም ለዘይቱ ሊሰጠው ይችላል።

ለአይጡ የሠራውን መጠን አስልቼ ብወስድስ?

እባክዎ አያድርጉት። ስሌቱ ራሱ ምክንያቱን ያሳያል። ለአንድ አይጥ በኪሎ ክብደት 400 ሚሊ ግራም ዘይት ተሰጥቷል እንበል፤ በእነዚህ ጥናቶች የተለመደ መጠን ነው። የሰውነት ወለል ስፋትን መሠረት ባደረገው የታወቀ ስሌት የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ ለ6.2 ይካፈላል፤ በኪሎ 64.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 3.9 ግራም ገደማ፣ በፈሳሽ ሲለካ ደግሞ ከ4 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ተናኝ ዘይት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር በሚሆን መጠን አዋቂ ሰዎችን ክፉኛ እንደመረዘ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ይህ ስሌት በምርምር ውስጥም የመጠን መነሻ እንጂ ፈቃድ አይደለም። በሰው ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ሲጀመር ከተሰላው መጠን ላይ ለጥንቃቄ አብዛኛውን ጊዜ አሥር እጥፍ ይቀነሳል።

ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ምን ጉዳት አለው?

ጋሌጂንም ከተፈጥሮ ነው የመጣው። የቅርንፉድ ዘይትን በስሕተት የጠጡ ሕፃናት ጉበታቸው ተጎድቶ ያውቃል። ፔኒሮያል የተባለው የናና ወገን ዘይት ፑሌጎን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ጉበት ውስጥ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል፣ ሰውም ገድሏል። ካሲያ የተባለው የቀረፋ ዓይነት ደግሞ ኩማሪን ይዟል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ቢወሰድ ጉዳት የለውም ያለው የኩማሪን መጠን በኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

ስለዚህ የመርዛማነት ፈተና ከስኳር ፈተናው ጎን ለጎን መሄድ አለበት። በአንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በኪሎ 2000 ሚሊ ግራም፣ ለእንስሳት ተሰጥቶ ለ14 ቀን ይታያል። የስኳር መድኃኒት ግን የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው፤ የአንድ ቀን ፈተና አይበቃውም። የ28 እና የ90 ቀን የተደጋጋሚ መጠን ጥናቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊቱና ጉበቱ አስቀድሞ የተጎዳ ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ለጤነኛ አይጥ ያልከበደ ነገር ለእርሱ ሊከብድ ይችላል።

በሰው ላይ የተፈተነ ዘይት የለም ወይ?

አለ፤ ከሁሉም የተሻለ መረጃ ያለው ጥቁር አዝሙድ ነው። ዓይነት 2 ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ በርካታ አነስተኛ ጥናቶች በአንድነት ሲገመገሙ በጾም ስኳርና በኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር አማካይ በሚያሳየው የደም ምርመራ) ላይ መጠነኛ ቅናሽ ይታያል። ተሳታፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው የወሰዱት። ጥናቶቹ አጫጭርና ትናንሽ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዱቄቱን፣ ሌሎቹ ዘይቱን ተጠቅመዋል። በእኔ እምነት ይህ ትልቅና ረጅም ጥናት እንዲደረግ በቂ ምክንያት ነው፤ መድኃኒት ለማቆም ግን ምክንያት አይሆንም።

የቀረፋ ታሪክ ትዕግሥትን ያስተምራል። በ2003 የታተመና በፓኪስታን 60 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን ከ1 እስከ 6 ግራም ቀረፋ ለ40 ቀን የወሰዱ ሕመምተኞች የጾም ስኳራቸው ከ18 እስከ 29 በመቶ እንደወረደ ዘገበ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2012 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም 577 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች ሲመረምር ግን ቀረፋን ለስኳር በሽታ ለመምከር በቂ ማስረጃ አላገኘም። በ2003ቱ ጥናት የተሰጠው የቀረፋ ዱቄት እንጂ ዘይት አልነበረም፤ ያም ሆኖ የቀረፋ ዘይት ሻጮች ዛሬም ይጠቅሱታል።

ጥሩ የሰው ጥናት በምን ይታወቃል?

ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ዘይቱን ግማሾቹ ዘይቱን የሚመስል ግን ዘይቱ የሌለበትን ማስመሰያ ሲወስዱ፣ ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሳያውቁ ነው። በጥናት ውስጥ የገባ ሰው አመጋገቡን ያስተካክላል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ስኳሩ በዚህ ብቻ ይወርዳል። ንጽጽር ከሌለ ምስጋናውን ዘይቱ ይወስደዋል። የተናኝ ዘይት ችግር ሽታው ነው፦ ማስመሰያው ካልሸተተ ሁሉም ያውቃል። ሽታውን በካፕሱል መደበቅ ወይም ለማስመሰያው ተመሳሳይ መዓዛ መስጠት ያስፈልጋል።

መለኪያው ደግሞ ኤዋንሲ ቢሆን ይመረጣል። የጾም ስኳር በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት እንኳ ይለዋወጣል፤ ኤዋንሲ ግን ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከዚህ የተነሣ ከ12 ሳምንት ያነሰ ጥናት ስለ ኤዋንሲ ብዙ ሊነግረን አይችልም። ለማነጻጸር ያህል፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ኤዋንሲን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 በመቶኛ ነጥብ ያወርዳል።

ለዓይነት 1 ሕመምተኛ ኢንሱሊንን የሚተካ ዘይት አለ?

የለም። በዓይነት 1 ቤታ ሴሎቹ ስለወደሙ ሰውነት ኢንሱሊን አያገኝም፤ ከውጭ ካልተሰጠው በቀናት ውስጥ ደሙ በኪቶን አሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ጥር 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ሌናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ እስኪሰጥ ድረስ በዚህ ዓይነት የታመሙ ሕፃናት ሁሉ መጨረሻ ሞት ነበር። ኢንሱሊኑን አቁመው በዘይት እንዲተኩ የሚመክርዎ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለሕይወትዎ አደጋ ነው።

ከምወስደው መድኃኒት ጋር ደርቤ ብጠቀምስ?

ሐኪምዎ ሳያውቅ አይጀምሩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳር የሚያወርድ ሌላ ነገር ሲጨምርበት ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ሲሆን በነቃ አእምሮ ላይ ላለ ሰው ከ15 እስከ 20 ግራም ፈጥኖ የሚሠራ ስኳር ይሰጠዋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

የማይጠበቅ ሌላ አደጋም አለ። «ንጹሕ ከዕፅዋት» ተብለው በተሸጡ የስኳር መድኃኒቶች ውስጥ በድብቅ የተጨመሩ ግሊቤንክላማይድና ፌንፎርሚን በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ፌንፎርሚን የላክቲክ አሲድ መመረዝ በማስከተሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ በብዙ አገሮች ከገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። አንድ የዕፅዋት ውጤት በሁለትና በሦስት ቀን ስኳርዎን በሚያስደንቅ ፍጥነት ካወረደው፣ ደስታዎን ያዘግዩና ጠርሙሱን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።

እግሬን በዘይቱ ብቀባውስ?

በቆዳ የሚቀባ ዘይት የደም ስኳርን አያክምም። የስኳር ሕመምተኛ እግር ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ያልተበረዘ ተናኝ ዘይት ሲያቃጥለው ሳያውቀው ሊቆስል ይችላል። ቁስል ካለ ወደ ባለሙያ መሄድ እንጂ ዘይት ማፍሰስ አይገባም።

እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ መሳተፍ እችላለሁ?

መስፈርቱን ካሟሉ አዎን፤ ያለ ፈቃደኛ ሰዎች የትኛውም ዘይት መድኃኒት ሊሆን አይችልም። በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው፣ በ1964 ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ያጸናቸው መብቶች አሉዎት፦ ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባዎ ቋንቋ ይነገርዎታል፤ በጽሑፍ ይስማማሉ፤ በፈለጉበት ሰዓት ቢያቋርጡ መደበኛ ሕክምናዎ አይጓደልም። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በሕዝብ መዝገብ ላይ መመዝገቡንም ይጠይቁ፤ የተመዘገበ ጥናት ውጤቱ ባያምር እንኳ ደብዛውን ማጥፋት ይከብዳል። የሚፈተነውን ዘይት በገንዘብዎ እንዲገዙ የሚጠይቅዎ፣ የደም ምርመራ የማያደርግልዎና የሚፈርሙት ወረቀት የሌለው ሰው ግን ጥናት እያካሄደ አይደለም፤ እየሸጠልዎ ነው።